የጥንት የቻይና ፖርሴሊን ምስል ልትገዙ ነው? እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ይህ ጽሑፍ ስለ ዴሁዋ ነጭ ምስሎች፣ ማለትም ከፖርሴሊን (ነጭ ጭቃ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ የሚሠራ ጠንካራ ሸክላ) ስለተሠሩ ትንንሽ ሐውልቶች ነው። ዴሁዋ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂያን ክፍለ ሀገር ያለች ተራራማ ወረዳ ናት። ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ፖርሴሊን ስትተኩስ ኖራለች። የጥንት እቶኖቿም በ2021 ከወደቧ ከተማ ከቹዋንዡ ጋር የዓለም ቅርስ ተብለው ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስሟ የገነነው ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ወድቆ ቺንግ በተተካበት ጊዜ አካባቢ በሠራቻቸው ሃይማኖታዊ ምስሎች ነው። ፈረንሳዮች «ብላን ደ ሺን» (የቻይና ነጭ) አሏቸው፣ ጨረታ ቤቶችም እስካሁን በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል።

ከሁሉ በብዛት የምታገኟት ጓንዪንን ነው። ቡድሂስቶች የሰውን ጩኸት የምትሰማ፣ የርኅራኄ እናት ብለው ይማጸኗታል። ከእሷ ቀጥሎ ሆዱን ገልጦ የሚስቀው ቡዳይ፣ ዓይኑን ያጉረጠረጠው የቡድሂስት መነኩሴ ቦዲዳርማ፣ ጺማሙ የጦር አምላክ ጓንዲ ይመጣሉ። እዚህ አሜሪካ እስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ተጠራቅሞ የሚሸጥበት ገበያ) የሚያዘወትር ሰው አንዷን ሳያይ አይቀርም። ከሰሃንና ከመብራት ማቆሚያ መሃል ቆማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በአንድ ምክንያት ይመስለኛል፤ ፊቷን አይቶ ይገዛል። ፊት ለማስመሰል ቀላል ነው። ለፎርጅድ ሠሪው የሚከብደው ታቹ፣ ውስጡና ጀርባው ነው፣ እዚያ ደግሞ ገዢው አያይም።

ማህተም አምኖ መግዛት

ጀርባዋ ላይ በቻይና ፊደል የተጻፈ ትንሽ ማህተም አለ እንበል። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ያነብላችኋል፤ «ሄ ቻኦዞንግ» ይላል። ስትፈልጉት ሰውየው በሚንግ መጨረሻ የኖረ፣ ከዴሁዋ ባለሙያዎች ሁሉ ስመ ጥሩ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልባችሁ መምታት ይጀምራል። ረጋ በሉ። የዚህ ሰው ማህተም በቺንግ ዘመን ተቀድቷል፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋብሪካ ተቀድቷል፣ ዛሬም ይቀዳል። ከሥራው ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው፤ እርጥብ ጭቃ ላይ አንዴ መጫን ብቻ። ከእውነተኞቹ የጥንት ምስሎች ደግሞ አብዛኞቹ ጭራሽ ማህተም የላቸውም።

ስለዚህ መኖሩ አያስፈንድቅ፣ አለመኖሩም አያስከፋ። አሠራሯ ራሱ የጥንት መሆኗን ከመሰከረ ማህተሙ ተጨማሪ ነው። አሠራሯ ካልመሰከረ ግን ማህተሙ ብቻውን የትም አያደርስም። አንዱ በሃያ ዶላር ገዝቶ በመቶ ሺህ ሸጠ የሚል ወሬ ሰምቶ ማህተም ፍለጋ የሚሮጥ ሰው፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለው ለእሱ ነው።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ይጠቅማል። የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አስገደደ። ታቿ ላይ «ቻይና» ተብሎ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ከዚያ ወዲህ የመሆን ዕድሏ በጣም ሰፊ ነው። «ሜድ ኢን ቻይና» የሚለው ደግሞ ባብዛኛው ከዚያም የዘገየ ነው። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። ጽሑፍ ስለሌለባት ብቻ ከ1891 በፊት ናት ማለት አይቻልም፤ የአገሩ ስም በወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ወልቆ ይሆናል፣ ወይም ዕቃው መጀመሪያ የሄደው ሌላ አገር ይሆናል።

ሳይገለብጡ መግዛት

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በጥንቱ አሠራር ባለሙያው ለስላሳውን ጭቃ በሁለት ግማሽ ፎርማ ውስጥ፣ የፊቱን ለብቻ የኋላውን ለብቻ፣ በጣቱ እየጫነ ይሞላዋል። ከዚያ ሁለቱን ያጋጥማል። ጭንቅላትና እጅ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ተሠርተው በኋላ ይጣበቃሉ። በእርጥብነቱ የልብሱን እጥፋት በቢላ እየቀረጸ ያወጣል፣ ከዚያ ይተኮሳል።

እንግዲህ ምስሏን ጠረጴዛ መሃል፣ ፎጣ ላይ አስተኟት። በስልካችሁ ባትሪ ከታች ወደ ውስጧ አብሩ። የጥንት ከሆነች ግድግዳው ወጣ ገባ ነው። ጣት የተጫነበት ጎድጓዳ ቦታ ታያላችሁ፤ አንዳንዴ የአውራ ጣት ስፋት ይለካላችኋል። ውፍረቱ ቦታ ቦታ ይለያያል። በሁለቱ ጎኖች ላይ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መጋጠሚያ አለ፣ ባለሙያው ቀጭን ጭቃ ደርቦ የደመደመበት። ውስጡ ማንም አያየውም ብሎ ስለተወው ሻካራ ነው።

አዲሱ አሠራር ሌላ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ጭቃ በጀሶ ፎርማ ውስጥ ይፈሳል። ጀሶው ውሃውን ይመጥጣል፣ ግድግዳው ላይ የያዘው ይቀራል፣ ትርፉ ይደፋል። በዚህ መንገድ የተሠራች ምስል ውስጧ ልስልስ ያለ ነው፣ ውፍረቷ አንድ ዓይነት ነው፣ ከውጭ ያለው የልብሷ እጥፋት ከውስጥ በኩል ተገልብጦ ይታያል። ጣት የሚባል ነገር አልነካውም። እንዲህ ያለችውን አይታችሁ «የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናት» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ዛሬም ዴሁዋ ውስጥ በእጅ እየጫኑ የሚሠሩ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። ስለዚህ የጣት ምልክት አለ ማለት ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም። ልስልስ ያለው ግን በእርግጠኝነት አይደለም። አዲሱን ለመጣል ይጠቅማል እንጂ የድሮውን ለማጽደቅ ብቻውን አይበቃም።

ታቿንም እዩት። የቆመችበት ጠርዝ ልባስ (ላዩን የሚሸፍነው የሚያብረቀርቅ ሽፋን) የለውም፣ ባዶ ጭቃ ነው፤ አንዳንዴ የእቶኑ አሸዋ ተጣብቆበት ይታያል። ስንጥቅ ካለ ጠርዙን በደንብ ተመልከቱ። እቶን ውስጥ የተሰነጠቀ ከሆነ ጠርዙ ክብ ክብ ያለ ነው፣ ልባሱም ወደ ስንጥቁ ገብቷል። ኋላ ወድቃ የተሰነጠቀች ከሆነ ጠርዙ ስል ነው፣ በውስጡም ቆሻሻ ይዟል። የመጀመሪያው ከውልደቷ የመጣ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። ሁለተኛው ዋጋ ይቀንሳል።

በኦንላይን የሚሸጥ ሰው የፊቷን ስምንት ፎቶ ለጥፎ የታቿን አንድም ካላስቀመጠ ጠይቁት። ካልላከ እለፉት፣ ሌላ ትመጣለች።

ቀለሙን በፎቶ መወሰን

በሚንግ መጨረሻና በቺንግ መጀመሪያ የተሠሩት ብዙዎቹ ሞቅ ያለ ነጭ ናቸው፣ የዝሆን ጥርስ የሚመስል፤ ብርሃን ሲያልፍባቸው ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቢጫ ይላሉ። ምክንያቱ የዴሁዋ ጭቃ ብረት በጣም ትንሽ ስላለበትና እቶኑ አየር እየገባበት ስለሚነድ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያሉት ባብዛኛው ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ገዢ ሞቅ ያለ ቀለም ሲያይ ይቸኩላል። ችግሩ፣ ቢጫ አምፖል ስር የተነሳች ማንኛዋም ነጭ ምስል የዝሆን ጥርስ ትመስላለች! አዲሶቹም ሆን ተብሎ በዚያው ቀለም ይሠራሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሻጩን መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ጎኗ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀምጦ እንዲያነሳት ጠይቁት። ወረቀቱ በፎቶው ላይ ቢጫ ከሆነ የምስሏም ቀለም ውሸት ነው።

ቆሻሻን እርጅና ማድረግ

ሻይ ውስጥ ተዘፍዝፋ የጠቆረች፣ አፈር የተቀባች፣ ልባሷ በአሲድ የደበዘዘ ብዙ አለች። በጊዜ ብዛት የመጣ ጉዳት የሚገኘው ሰው የሚነካውና ዕቃ የሚፋቅበት ቦታ ነው፤ ጠርዝ፣ ጉልበት፣ ታች። ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ስታዩት ጭረቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። የእጥፋቶቹ ጎድጓዳ ውስጥ ሳይቀር እኩል የደበዘዘችም ያው ናት።

«ከሰመጠ መርከብ የወጣች» የሚባል ታሪክም አለ። እውነተኛዎቹ አሉ፤ በ1690 ገደማ ቬትናም አጠገብ ከሰመጠው የቩንግ ታው መርከብ የወጡ የዴሁዋ ዕቃዎች በ1992 አምስተርዳም ውስጥ ለጨረታ ቀርበዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ የጨረታው ቁጥር ያለበት ትንሽ ተለጣፊ ወይም ደረሰኝ ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል። ያለ ወረቀት ዛጎል ብቻ ተለጥፎባት የመጣች ምስል ግን ዛጎሉ በማጣበቂያ የተያዘ መሆኑን በጥፍራችሁ ነካ አድርጋችሁ እዩ።

ማርያም ናት ብሎ መግዛት

ይሄኛው በተለይ እኛን ይመለከታል። ልጅ ያቀፈችውን ጓንዪን ሐበሻ ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ምስለ ፍቁር ወልዳ ነው። ሻሽ መሰል መከናነቢያ፣ ዝቅ ያለ ዓይን፣ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን። «እመቤታችን ናት» ብሎ ገዝቶ ለእናቱ የሚወስድም አይጠፋም፤ ከዚያ አንድ የተማረ ዘመድ መጥቶ ነገሩን ሲያስረዳ ቤቱ ይናወጣል፣ «ጣዖት አስገባህብኝ?» ይመጣል።

ይቺ ሶንግዚ ጓንዪን ትባላለች፤ ልጅ ሰጪዋ። መካኖችና ወንድ ልጅ የፈለጉ ሴቶች የሚለምኗት ናት። ጓንዪን መነሻዋ ሕንድ ውስጥ አቫሎኪቴሽቫራ የሚባል የወንድ መልክ ያለው ቦዲሳትቫ (ሌሎችን የሚረዳ የቡድሂስቶች ቅዱስ) ነው፤ ቻይና ውስጥ በጊዜ ሂደት የሴት መልክ ያዘች። ከማርያም ሥዕል ጋር መመሳሰሏም እንዲያው ከሜዳ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ የፉጂያን ሰዎች ፊሊፒንስ ውስጥ ማኒላ ካሉት ስፔኖች ጋር ይነግዱ ነበር፣ እዚያም የካቶሊክ ምስሎችን በዝሆን ጥርስ ይቀርጹላቸው ነበር።

ጃፓን ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1614 ክርስትና በመላ አገሪቱ ሲታገድ የቀሩት አማኞች ተደበቁ። ከቻይና የመጣች የዴሁዋ ጓንዪን ቤት ቢገኝባቸው የቡድሂስት ዕቃ ናት፤ እነሱ ግን ማርያምን አስበው ይጸልዩባት ነበር። ማሪያ ካኖን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የናጋሳኪ ሹማምንት ከምእመናን የቀሟቸው ምስሎች ዛሬ ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አሉ። እገዳው የተነሳው በ1873 ነው።

ሻጮች ይህን ታሪክ በደንብ ያውቃሉ። ስለዚህ ልጅ ያቀፈች ሁሉ «ማሪያ ካኖን» ተብላ ዋጋዋ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ማሪያ ካኖን የሚያደርጋት ግን ቅርጿ አይደለም፣ የማን ቤት ምን ስትሠራ እንደኖረች ነው። ያ ታሪክ በሰነድ ካልመጣ ጓንዪን ናት፣ በጓንዪን ዋጋ ግዟት። ጀርባዋ ላይ መስቀል ተቀርጾ ካገኛችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠራጠሩ፤ ለመደበቅ የተገዛ ዕቃ ላይ መስቀል መቅረጽ ምን የሚሉት መደበቅ ነው?

በነገራችን ላይ ሆዳሙ ሳቂታ ቡድሃ (የቡድሂዝም መሥራች) አይደለም። ቡዳይ ነው፣ መነኩሴ ነበር ይባላል። «ጥንታዊ ቡድሃ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ስለ ዕቃው ምን ያህል እንደሚያውቅ ከዚህ ገምቱ።

ጥገናን አለማየት፣ ወይም ጥገናን መፍራት

ጣቶች ቀድመው ይሰበራሉ። አንገት ይከተላል። ሦስት መቶ ዓመት የኖረች ምስል አሥሩም ጣቶቿ ሙሉ ከሆኑ «እንዴት ዕድለኛ ነኝ» ከማለት በፊት ጣቶቹን መርምሩ። ርካሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዙ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩባት። በኋላ የተቀባው ቦታ ብዙ ጊዜ ከቀሪው የተለየ ሆኖ ይበራል። አንዳንድ አዲስ ቀለም ግን ከዚህም ያመልጣል፣ ስለዚህ በእጅም ሞክሩ። ፖርሴሊን ይቀዘቅዛል፣ ሙሌት (በጥገና የተሞላበት ነገር) ሞቅ ይላል። በጥፍር ቀስ ብላችሁ መታ መታ ስታደርጉት ፖርሴሊኑ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሞላው ቦታ የታፈነ ነው።

ተጠግና መገኘቷ ግን ከመግዛት አያግድም። እኔ ብጠየቅ፣ ሁለት ጣት የጎደላት እውነተኛ ምስል ሙሉ ከሆነች አጠራጣሪ ትሻላለች። ዋጋው ጉድለቱን ካሳየ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ጥገናውን ደብቆ በሙሉ ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጉዳት መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ። የጓንዲ አገጭና ከንፈር ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እውነተኛ ፀጉር ተሰክቶባቸው ጺም እንዲሆን የተተዉ ናቸው። ፀጉሩ ረግፎ ቀዳዳው ይቀራል። ይህን በሙሌት የደፈነ ሰው ዕቃውን አበላሸው እንጂ አልጠገነውም።

አጥቦ ማስዋብ

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ብዙዎቹ ምስሎች መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ነጭ አልነበሩም። ከተተኮሱ በኋላ ከንፈራቸው ላይ ቀይ፣ ልብሳቸው ላይ ወርቅ ይቀባ ነበር። ያ ቀለም እቶን ስላላየ በቀላሉ ይለቃል። አሁን በእጥፋቶቹ ሥር፣ በፀጉሯ መስመር ላይ፣ ትንሽ ቀይ ወይም የወርቅ ቅንጣት ቀርታ ይሆናል። እሷን በሳሙናና በብሩሽ ፈትጎ ማውጣት፣ ወይም በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የታሪኳን ማስረጃ ከቆሻሻ ጋር ማፍሰስ ነው። የዕጣን ጥቀርሻም ካለ ተዉት። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፉ፣ ይበቃል።

የአውሮፓ ቅጂዎችን መርሳት

ጀርመን ውስጥ ያለችው የሳክሶኒ ገዢ ብርቱው አውጉስቶስ የቻይና ፖርሴሊን በሽታ የያዘው ሰው ነበር። በ1710 የተቋቋመው የማይሰን ፋብሪካው የዴሁዋን ምስሎች እያየ ቀድቷል። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ በ1845 የተመሠረተው የሳምሶን ቤት የቻይና ዕቃ በመቅዳት ይታወቃል። እነዚህ ራሳቸው የድሮ ስለሆኑ «አንቲክ ነው» ያለው ሻጭ አልዋሸም፤ የቻይና አይደሉም እንጂ። የድሮ ማይሰን ከሆነ እንዲያውም ከቻይናው በልጦ ሊሸጥ ይችላል።

ባለ ብዙ ቀለሞቹንም ተጠንቀቁ። ፉ፣ ሉ፣ ሾ የሚባሉት ሦስቱ የዕድል አማልክት፣ አምስት ሕፃናት የወጡበት ቡዳይ፣ ታቹ ላይ «ዌይ ሆንግታይ» የሚል ማህተም ካለው ጋር፣ ባብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ለቤት ጌጥ ያምራሉ። «የንጉሥ ቺያንሎንግ ዘመን» (18ኛው ክፍለ ዘመን) ሲባል ግን ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ከየት መጣ ብሎ አለመጠየቅ

ለንግድ ጓንዡ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ቻይና ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ በጠቅላላው ከአገር እንዳይወጣ ከልክላለች። ገበያ ላይ «የሚንግ ነው» ብሎ የሸጠላችሁ ሰው እውነቱን ከሆነ ኤርፖርት ላይ ወንጀለኛ ናችሁ። ውሸቱን ከሆነ ተሸውዳችኋል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ውጭ አገር ስትገዙም ወረቀት ጠይቁ፤ የድሮ የጨረታ ደረሰኝ፣ የቀድሞ ባለቤት ደብዳቤ፣ ፎቶ። ቅርስን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወርን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት የ1970 ስለሆነ ከዚያ በፊት ከቻይና ውጭ እንደነበረች የሚያሳይ ሰነድ ያላት ምስል ስትሸጡም አታስቸግርም። በባህል አብዮቱ ጊዜ፣ ከ1966 ጀምሮ፣ ስንቱ ቤተ መቅደስ ተዘርፎ እንደፈረሰ አስቡት። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው ይመለስ እያልን የምንጮህ ሰዎች የሌላውን ሕዝብ የጸሎት ዕቃ ስንገዛ አለመጠየቃችን ያስተዛዝባል።

የጸሎት ዕቃ መሆኗንም ከገዛችሁ በኋላ አትርሱ። ወለል ላይ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ጫማ መደርደሪያ አጠገብ አታስቀምጧት። ቡድሂስት ጎረቤት ቤታችሁ ሲመጣ ታቦት ምንጣፍ ላይ ያየ ያህል ነው የሚከፋው።

በፖስታ ማስመጣት ግድ ከሆነ

ስንት ፈተና ያለፈች ምስል በመንገድ ላይ ትሰበራለች። ሻጩ በፕላስቲክ አረፋ ጥቅልል አድርጎ ሳጥን ውስጥ ከከተታት ጣቶቿ አለቀላቸው፤ መጠቅለያው ራሱ ይጫናቸዋል። መጀመሪያ በእጆቿ ዙሪያና በአንገቷ ሥር ያለው ክፍተት በለስላሳ ወረቀት ሳይጠቀጠቅ ይሞላ፣ ከዚያ ይጠቅለል፣ ከዚያ ሳጥን በሳጥን ውስጥ ይሁን፣ በሁለቱ ሳጥኖች መሃል ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ተሞልቶ ይተው። ማጣበቂያ ፕላስተር ምስሏን በቀጥታ እንዳይነካ ንገሩት፤ የቀረችውን የወርቅ ቅንጣት ይዞ ይነሳል። ሲደርስም ሳጥኑን በቢላ ከላይ አትውጉት፣ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቷ እዚያው ሥር ነው። የወጣውን ወረቀት ሁሉ ሳትበትኑ ወደ መጣያ አትጣሉ፣ የተሰበረች ጣት ካለች እዚያ ውስጥ ነው የምትገኘው።